በድንኳን ውስጥ ከዘር የበቀለ የበርበሬ ችግኝ ለምን ይወድቃል? አንድ ጥያቄና 24 ምላሾች

መነሻ ጥያቄ። ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔው ራሴ ነኝ። የውይይቱ ክር እየረዘመ በመሄዱ አዲስ አንባቢ መልሱን ፈልጎ ለማግኘት ስለሚቸገር፣ የተሰጡኝን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አቅርቤአቸዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎኑ 80 በ80፣ ከፍታው 160 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ብርሃን በሚያንጸባርቅ ሽፋን የተለበጠ የተክል ማሳደጊያ ድንኳን በአንድ ክፍል ውስጥ ተክዬ፣ 24 የበርበሬ ዘሮች በ24 ትንንሽ ኩባያዎች ዘራሁ። የመጀመሪያው ቡቃያ በ8ኛው ቀን ብቅ ሲል የመጨረሻው እስከ 17ኛው ቀን ቆየ። ከበቀሉት 17 ቡቃያዎች ብዙዎቹ እንደ ክር ቀጥነው ረዘሙ፤ 6ቱ ደግሞ በአንድ ሌሊት ተዘርረው አደሩ። በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሰቀልኩት የኤልኢዲ መብራት በካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የሚል ጽሑፍ አለው። ዘሩ አዲስ ስለሆነና አፈሩም ጥሩ ስለመሰለኝ ጥፋቱ የመብራቱ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። የጠየቅሁትም የበለጠ ኃይል ያለው የትኛውን መብራት እንድገዛ ብቻ ነው።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው ሰው በትሕትና ሰላምታ ጀምረው፣ ብርሃን ያነሰው ቡቃያ ወደ ብርሃኑ ለመድረስ ሲል ግንዱን ስለሚያስረዝም መብራቱን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር እንዳወርደው መከሩኝ። በዚያው ምሽት አወረድኩት። አንዴ የረዘመ ግንድ ተመልሶ እንደማያጥር ግን እሳቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አላሰብኩትም፤ ሁለት ቀን ሙሉ በየሰዓቱ ዚፑን እየከፈትኩ ለውጥ ስጠብቅ ከረምኩ።

ምላሽ 2። ሁለተኛው መካሪ ስለ ከፍታው ምንም ሳይሉ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳላምን አስጠነቀቁኝ። እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ መብራቱ ከሶኬት የሚስበው ኃይል ሳይሆን ከድሮ አምፖሎች ጋር ተወዳድሮ ለማስታወቂያ የተሰጠ መሆኑን ገልጸው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ የኃይል መለኪያ ፈልጌ እውነተኛውን ዋት እንዳመጣ ጠየቁኝ።

ምላሽ 3። እጥፍ ኃይል ያለው መብራት እንድገዛ ከመምከራቸው በቀር ምክንያት አልሰጡም። መስማት የፈለግሁት ይህንኑ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጊዜው ከሁሉ የወደድኩት ምላሽ ይህ ነበር።

ምላሽ 4። ረጅምና የታሰበበት ጽሑፍ ነው። ተክል የሚጠቀመው ዋትን ሳይሆን ቅጠሉ ላይ የሚያርፉትን የብርሃን ቅንጣቶች እንደሆነ፣ የዚህም መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ የሚያርፍ ማይክሮሞል እንደሆነ አስረዱ። ለቡቃያ ከ100 እስከ 300፣ ፍሬ ለሚይዝ በርበሬ ደግሞ ከ400 እስከ 600 ማይክሮሞል ጥሩ መነሻ መሆኑን ጠቁመው፣ በሉክስ የሚለካ መሣሪያ ለሰው ዓይን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ግምት ብቻ እንደሚሰጥ አከሉ። የሰከንዱ መጠንም ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ዋናው ቁም ነገር የቀኑ ድምር ነው። በቀን 16 ሰዓት የሚበራ መብራት 57,600 ሰከንድ ስለሚሠራ፣ 400 ማይክሮሞል የሚሰጥ ከሆነ ተክሉ በቀን 23 ሞል ያህል ያገኛል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው)። በመጨረሻም የቁጥር 1ን ምክር በጨዋ ቃል አረሙት። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል የሚባለው፣ አንዲት ትንሽ አምፖል በገላጣ ቦታ ስትበራ ነው። ግድግዳው በሚያንጸባርቅ ድንኳን ውስጥ ግን ወደ ጎን ያመለጠው ብርሃን ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ከ60 ወደ 30 ማውረድ ሰዎች የሚያስቡትን ያህል ትርፍ አያመጣም።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7። እዚህ ላይ ክሩ ወደ ቀለም ክርክር ዞረ። ቁጥር 5 ነጭ መብራት ለተክል ከንቱ እንደሆነ፣ ቅጠል የሚጠቀመው ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ብቻ ስለሆነ ሐምራዊ መብራት መግዛት እንዳለብኝ በእርግጠኝነት ጻፉ። ቁጥር 6 ይህ ከቅጠል ተጨምቆ በብልቃጥ ውስጥ ከተለካ ክሎሮፊል (የቅጠል አረንጓዴ ቀለም) የመጣ ግማሽ እውነት ነው ሲሉ መለሱ። ማክሪ የተባሉት ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የ22 ሰብሎችን ሕያው ቅጠል በየቀለሙ ፈትነው፣ አረንጓዴው ብርሃንም ቀላል የማይባል ድርሻ እንዳለው ማሳየታቸውንም አስታወሱ። ቁጥር 7 ተመልሰው የመጡት ቁጥር 5 ራሳቸው ሲሆኑ፣ በሐምራዊ መብራት ስላፈሩት ምርት በቁጣ ተናገሩ እንጂ ለቀረበው ማስረጃ መልስ አልሰጡም። በሐምራዊ ብርሃን ተክል አያድግም ያለ ሰው እኮ አልነበረም። የሐምራዊ ብርሃን ትልቁ ጉዳት፣ በእኔ አስተያየት፣ ቅጠል ሲገረጣና ተባይ ሲወጣበት ዓይን ለይቶ እንዳያይ መሸፈኑ ነው።

ምላሽ 8። አንድ አንባቢ የገጠማቸውን አጫወቱን። የሰዓት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶባቸው መብራቱ ለሁለት ሳምንት ሌት ተቀን ሲበራ፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ከነበሩት ተክሎች የቲማቲሞቹ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲጎዳ በርበሬዎቹ ብዙም ሳይከፉ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ቢያንስ 6 ሰዓት ጨለማ ይሰጣሉ።

ምላሽ 9። ይህን ተከትሎ የቀንና የሌሊት ርዝመት አበባን እንዴት እንደሚያዝዝ የሚያብራራ ጽሑፍ መጣ። ጋርነርና አላርድ የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሜሪላንድ ማሞዝ የተሰኘው የትምባሆ ዝርያ ቀኑ ካላጠረ እንደማያብብ ደርሰውበት ግኝታቸውን በ1920 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በርበሬ ግን ለማበብ የቀን ርዝመትን ብዙም ስለማይጠብቅ፣ እንደ ክሪሳንቲመም አበባ መብራቱን ወደ 12 ሰዓት መቀነስ አያስፈልገውም። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ የእኔ ቡቃያዎች ግን አበባ ቀርቶ ሁለተኛ ጥንድ ቅጠል ለማየት እንኳ አልበቁም ነበር።

ምላሽ 10። የተውሶ መለኪያውን ሰክቼ ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ፤ 1000 ዋት የተባለው መብራት የሚስበው 96 ዋት ነው። በቁጥር 4 ስሌት ሄድኩ። መብራቱ ለእያንዳንዱ ዋት በሰከንድ 2.2 ማይክሮሞል ይሰጣል ብንል 211 ይሆናል፤ ይህ ለ0.64 ካሬ ሜትር ሲካፈል 330፣ በግድግዳና በጠርዝ የሚባክነው ሲቀነስ 280 ገደማ ይቀራል። በ16 ሰዓት ሲባዛ በቀን 16 ሞል ነው። ካርቶኑ ዋሽቶኛል፤ የተረፈው ብርሃን ግን ለቡቃያ በቂ ነበር። ታዲያ ለምን ረዘሙ?

ምላሽ 11። የክሩን አቅጣጫ የለወጡት እኚህ ናቸው። ያያያዝኩትን ፎቶ አጉልተው ካዩ በኋላ፣ እኔ እንደ አንድ ችግር ያቀረብኩት ሁለት የተለያየ ችግር መሆኑን አሳዩ። በብርሃን እጦት የረዘመ ቡቃያ ከአናቱ ከብዶት በቀስታ ይጎብጣል እንጂ ግንዱ ጤነኛ ነው። የወደቁት 6ቱ ግን ከአፈሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ግንዳቸው በውሃ እንደራሰ ጨርቅ ለስልሶ፣ ጠቁሮና ቀጥኖ ይታያል፤ ይህ ደግሞ በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚራቡት እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉት የበሽታ ተሕዋስያን ምልክት ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቁኝ፦ በቀን ስንት ጊዜ ውሃ እንደማጠጣ፣ ኩባያዎቹ ክዳን እንዳላቸው፣ ድንኳኑ ውስጥ አየር እንደሚንቀሳቀስ።

ምላሽ 12። የእኔ መልስ አጭርና አሳፋሪ ነበር። ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፤ በኩባያዎቹ ላይ የደፋሁትን ፕላስቲክ ክዳን ከበቀሉ በኋላም አላነሳሁትም፤ ሙቀት እንዳይወጣ ብዬ ዚፑን እስከ ታች ዘግቻለሁ፤ ማራገቢያውም ከነካርቶኑ ተቀምጧል። አፈሩ ደግሞ ካለፈው ተከላ የተረፈ ነው፤ ጥሩ ነው ያልኩት ጥቁር ስለሆነ ብቻ ነበር።

ምላሽ 13። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲሉኝ ቆይተው እኚህ ሰው አንተ ማለት ጀመሩ። እኔን በውሃ የሚገድል ሰነፍ ብለው ዘለፉኝ፤ ችግኙ እየሰመጠ ስለ ቀለምና ስለ ትምባሆ ያወሩትንም በሙሉ ገሠጹ። ይሁንና ከስድቡ መካከል አንድ ፍሬ ነገር ነበር። ፒቲየም በትክክለኛ አመዳደቡ ፈንገስ ሳይሆን የውሃ ሻጋታ ከሚባሉት ወገን ነው፤ የመራቢያ ሕዋሶቹም በአፈር ውስጥ ባለው ውሃ እየዋኙ ከሥር ወደ ሥር ይሄዳሉ። ስለዚህ በየጠዋቱና በየማታው የማፈሰው ውሃ በሽታውን ከማጠናከር አልፎ መንገድም ይጠርግለት ነበር።

ምላሽ 14። ሌላ ሰው ቁጥር 13ን ስለ አነጋገራቸው ወቀሱ። ጠያቂ ጥፋቱን ሳይደብቅ ሲናገር የሚሰደብ ከሆነ ቀጣዩ ጠያቂ ይደብቃል ባይ ናቸው። ቁጥር 13 አልመለሱላቸውም። እኔ ግን ቅሬታ አልያዝኩም፤ ስለሚዋኙት ሕዋሶች ካነበብኩ ወዲህ ውሃ ማጠጫውን ያለ ምክንያት አንስቼ አላውቅም።

ምላሽ 15። የመርዘሙ ምሥጢር የተፈታው እዚህ ላይ ነው። እኚህ መካሪ የጠየቁኝ መብራቱ ምን ያህል እንደሚሰጥ ሳይሆን በስንተኛው ቀን እንዳበራሁት ነበር። ዘር ለመብቀል ብርሃን አያስፈልገውም የሚል ምክር ሰምቼ ስለነበር ግማሾቹ እስኪበቅሉ ጠብቄ በ12ኛው ቀን ነበር ያበራሁት። በ8ኛው ቀን የወጣው ቡቃያ እንግዲህ አራት ቀን ሙሉ በጨለማ ሲዘረጋ ሰንብቷል። ሰውየው በዚህ አላበቁም፤ የዘሮቹ አበቃቀል ለምን በዘጠኝ ቀን እንደተራራቀ ጠየቁና ቴርሞሜትሩን ከድንኳኑ ጣሪያ አውርጄ አፈሩ ውስጥ እንድሰካው ነገሩኝ። ጣሪያው ሥር 27 ዲግሪ ያሳይ የነበረው መሣሪያ አፈሩ ውስጥ 20 አሳየ፤ ኩባያዎቹ የተቀመጡት በቀዝቃዛ ወለል ላይ ነበር፤ የማጠጣቸውም በቀዝቃዛ ውሃ ነው። የበርበሬ ዘር በ15 ዲግሪ ለመውጣት 25 ቀን ያህል፣ በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ፣ ከ25 እስከ 30 ባለው ግን 8 ቀን ገደማ እንደሚፈጅበት ዘርዝረው፣ የቀዘቀዘ አፈር ከማዘግየቱም በላይ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ዘር እንደሚያራርቅ አስረዱ። መብራቱ ራሱ የድንኳኑ ምድጃ መሆኑንም አስታወሱኝ፤ የሚስበው 96 ዋት ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል። እኔ ግን ብርሃኑ አያስፈልግም ብዬ ሙቀቱንም አብሬ አጥፍቼው ኖሯል።

ምላሽ 16። የቤት ውስጥ መድኃኒቶች መጡ፦ አፈሩ ላይ ቀረፋ መነስነስ፣ በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ማጠጣት፣ የወደቁትን በእንጨት መደገፍ። የረዘሙትንም እስከ ቅጠላቸው ድረስ እንድቀብራቸው ተመከርኩ።

ምላሽ 17። ይህኛው ምላሽ የቀደመውን አንድ በአንድ አረመ። ግንዱ የተበላ ቡቃያ በምንም አይድንም፤ ተነቅሎ ከነአፈሩ መጣል አለበት። ቀረፋ ላይ ላዩን ያለውን ሻጋታ ቢቀንስ እንኳ አፈሩ እርጥብ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ በሽታው ይመለሳል። መቅበር ግንዱ ሥር በቀላሉ ለሚያወጣው ለቲማቲም የሚስማማ ዘዴ ነው፤ በርበሬ ግን በዚህ ረገድ ሰነፍ ስለሆነ፣ እርጥብና የተበከለ አፈር ውስጥ ለስላሳ ግንድ መቅበር ለበሽታው ተጨማሪ ምግብ ማቅረብ ነው። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ስለ ውሃ የጻፉት ነው። ኩባያውን በደረቅ አፈር አንዴ፣ ውሃ ጠግቦ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ሌላ ጊዜ አንስቶ ክብደቱን በእጅ ማወቅ፤ ከዚያ በኋላ በሰዓት ሳይሆን ኩባያው ሲቀል ብቻ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጦ ከሥር እንዲጠጣ ማድረግ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ውሃ መድፋት። የጠማውም የጠገበውም ቡቃያ ቅጠሉን ስለሚያወርድ፣ በቅጠሉ ብቻ የሚፈርድ ሰው እንደ እኔ ለሰከረው ደግሞ ይቀዳለታል።

ምላሽ 18። ከኩባያዎቹ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይነሱ እንደሆነ ጠየቁ። ይነሳሉ። እጫቸው በእርጥብ አፈር የላይኛው ክፍል ውስጥ እየኖረ ለስላሳ ሥር የሚበላ መሆኑን ገልጸው፣ የአፈሩን ገጽ ማድረቅ፣ የሚያጣብቅ ቢጫ ካርድ መስቀልና ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ኢስራኤለንሲስ የተባለውን ባክቴሪያ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት እንደሚበጅ ጻፉ።

ምላሽ 19 እና 20። አንዱ፣ ውሃ የተነፈገ በርበሬ ይበልጥ ያቃጥላል ሲባል ስለሰሙ ከአሁኑ ብለማመደው እንደሚሻል ጻፉ፤ ማቃጠያው የሚገኘው ዘሩ ውስጥ እንደሆነም ጨመሩ። ቁጥር 20 ሁለቱንም አረሙ። ማቃጠያው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ የሚሠራው ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ዘሩ የሚያቃጥለው ከእሱ ስለሚነካካ ነው። የውሃ እጥረት በአንዳንድ ዝርያዎች ማቃጠሉን ከፍ ቢያደርግም ፍሬውን ይቀንሳል፤ ገና ሁለት ቅጠል ያለውን ቡቃያ ማስጠማት ደግሞ መግደል ብቻ ነው። ወፎች ካፕሳይሲን ስለማይሰማቸው ፍሬውን ውጠው ዘሩን እንደሚበትኑም አክለዋል፤ ጉዳዬን ባይነካም ደስ ብሎኝ አነበብኩት።

ምላሽ 21። ስለ አየር የተጻፈው እንደ ቁጥር 4 በቁጥር የተደገፈ ነበር። የድንኳኔ ይዘት አንድ ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ፣ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የሚስብ ትንሽ ማራገቢያ አየሩን በሰዓት መቶ ጊዜ ገደማ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ከላይ ባለው ቀዳዳ አየር እንዲያስወጣ አድርጎ በዝቅተኛ ፍጥነት ማስኬድ፣ የታችኞቹን መስኮቶች ደግሞ ክፍት መተው ይበቃል። የድንኳኑ ግድግዳ በትንሹ ወደ ውስጥ ከተሳበ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ውስጥ ያለው ሁለተኛ ማራገቢያ ቅጠሉን በስሱ ብቻ ያወዛውዝ፤ የሚወዛወዝ ግንድ አጥሮና ወፍሮ ያድጋል። እኔ ሙቀት ላድን ብዬ የዘጋሁት ዚፕ ችግኞቹን ከዚህም አስቀርቷቸዋል።

ምላሽ 22። ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ማሳሰቢያ ነው። የሶኬት ማከፋፈያው ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ እዚያው ይንጠባጠባል። የ96 ዋቱ መብራት በቀን 1.5 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅም አስልተውልኛል።

ምላሽ 23። የሁለተኛው ዘር ውጤት ይህ ነው። አሮጌውን አፈር ጥዬ፣ ኩባያዎቹን አጥቤ፣ አዲስና ንጹሕ የችግኝ አፈር ሞላሁ። ዘሮቹን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀበርኳቸው፤ ሥራቸው ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ ምንጣፍ አንጥፌ የአፈሩን ሙቀት 28 ዲግሪ ላይ አጸናሁ። መብራቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አበራሁ፤ አንድ ቡቃያ ብቅ ባለ ቁጥር ክዳኑን ከእሱ ላይ አነሳሁ። የመጀመሪያው በ6ኛው፣ የመጨረሻው በ11ኛው ቀን ወጣ፤ ከ24 ዘሮች 22 በቀሉ፤ የወደቀ የለም። መብራቱ ያው የ96 ዋቱ ነው፤ ከፍታውም 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁጥር 13 ይህን አንብበው አውራ ጣት ሰጡኝ፤ አንዲት ቃል ግን አልጨመሩም።

ምላሽ 24። የመጨረሻው ጸሐፊ እንኳን ደስ አለህ ካሉኝ በኋላ፣ በ0.64 ካሬ ሜትር ላይ 22 የጎለመሱ በርበሬዎች የት እንደማቆም ጠየቁኝ። እያንዳንዳቸው 10 ሊትር ያህል አፈር የሚይዝ ዕቃ ስለሚሹና ቅጠላቸው ስለሚንሰራፋ ከ4 በላይ ማሳደግ እርስ በርስ ማጨላለም ነው ብለዋል። ልክ ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ፤ ስለ አራተኛው ግን በ6ኛው ቀን ቀድሞ በወጣውና በ11ኛው ቀን ዘግይቶ ወጥቶ አሁን ከሁሉ በወፈረው መካከል እያመነታሁ ነው።